እህቴ «ምን ላምጣ?» ስትለኝ

ዛሬ ጠዋት እህቴ ከአሜሪካ ደወለች። «በሚቀጥለው ወር ስመጣ ለቤቱ ምን ላምጣ?»

ቶሎ የመጣልኝ ኪንድል፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው፣ ነበር።

ልጆቼ ማንበብ ይወዳሉ። ስልክ ስሰጣቸው ግን ሁለት ገጽ ሳይሄዱ ቪዲዮ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ኪንድል የተሠራው ለንባብ ነው። ስክሪኑ ወረቀት ይመስላል፤ ፀሐይ ላይም በደንብ ይነበባል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ እማዬን አየኋት። መነጽሯን አድርጋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዛለች። ኪንድል ላይ ፊደል ማጉላት ይቻላል፤ መጉላት ያለበትስ ለሷ ነበር። ግን እኔ የማገኛቸው የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፍ ናቸው። በ6 ኢንች ስክሪን ፊደሉ ይደቅቃል፤ ሲያጎሉት ደግሞ ገጹ ከስክሪኑ ያልፍና እያንዳንዱን መስመር ወዲያ ወዲህ መግፋት ነው።

እማዬ ደግሞ አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ለጎረቤት ታውሳለች። ያ ደስታዋ ነው።

አሁን ልቤ ያዘነበለው ወደዚህ ነው፦ ለልጆቹ አንድ ኪንድል፣ ለእማዬ በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ።

እናንተስ? ቤታችሁ ያለው ኪንድል በእርግጥ ይነበብበታል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ነው? አማርኛስ በምን ታነባላችሁ?