ሦስት ሕይወት ወይስ አንድ?



በቤታችሁ ወጣት ልጅ ካለ፣ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በስልኩ የሚያየው ምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ የቱርክንና የኮሪያን ድራማ በአማርኛ መመልከት ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነገር ሆኗል። የቻይናውም ተከትሎ መጣ። እኛ ባለንበት በወረታና በአዲስ ዘመን ወጣቶቹ በሚሞሪ ካርድ አስጭነው ያዩታል። አንዳንዱ አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ የሚያስኬደው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሥር በእንግሊዝኛ የሚነበብ ነው።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ከእነዚህ ስለ አንዱ ነው። «ሦስት ሕይወት፣ ሦስት ዓለም፣ ዐሥር ማይል የኮክ አበባ» ከተባለው የታንግ ቺ ልብ ወለድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በ58 ክፍሎች የቀረበ ድራማ ነው። ብዙዎች «ኢተርናል ላቭ» በሚለው ስሙ ያውቁታል። ባይ ቺየን የምትባለው ባለ ዘጠኝ ጭራ የቀበሮ ንግሥት በጦርነት ኃይሏንና ትዝታዋን አጥታ ተራ ሰው ትሆናለች፤ የሰማዩን አልጋ ወራሽ የ ኋን ታገባለች። በተንኰል ተከስሳ ዓይኖቿ ይወጣሉ፤ ልጇን ትታ ከከፍታ ራሷን ትወረውራለች። ነገር ግን አትጠፋም። ወደ ቀድሞ ማንነቷ ተመልሳ የመርሻ መድኃኒት ትጠጣለች፤ ከ300 ዓመት በኋላም ከባሏ ጋር እንደ አዲስ ይገናኛሉ።

ይህ ታሪክ ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለውን የጣራ ገዳምን ተራራና ደን እያዩ፣ በዓይን ስለማይታዩ ስውራን እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በተራራ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመት የሚጋደሉ ሰዎችን በስክሪን ሲያዩ ልባቸው ቶሎ ይቀበላል።

በጉባኤያችን የምታገለግል አንዲት ወጣት እህት ይህን ድራማ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አይታዋለች። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። እርሱ በድንገት ታመመና ሞተ። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ የድራማው ሰዎች ግን ታድለዋል፤ ተጣልተው ቢሞቱም ተመልሰው ይገናኛሉ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው አለቀሰች። በእነዚያ 58 ክፍሎች ውስጥ የምትፈልገው ወንድሟን ነበር።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በምዕራፍ 9 ከቁጥር 26 እስከ 28 በየቁጥሩ «አንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል ያነሣል፤ በግሪኩ «ሃፓክስ» ነው። ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያም ፍርድ አለ ይለናል። ይህ ብቻውን ሲነገር ለሐዘንተኛ ከባድ ነው። ነገር ግን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ። ክርስቶስ አንድ ጊዜ ተገለጠ፣ የብዙዎችንም ኃጢአት ሊሸከም አንድ ጊዜ ተሠዋ። የሚያስፈራን «አንድ ጊዜ» በግራም በቀኝም በምሕረት «አንድ ጊዜ» ተደግፎ ቆሟል።

ድራማውም ቢሆን ደም እንደሚያስፈልግ አውቋል። ባይ ቺየን የመምህሯ ሬሳ እንዳይበሰብስ ለ70,000 ዓመት ከልቧ ደም እየቀዳች ትመግበዋለች። ሁልጊዜ ይደገማል፤ ሁልጊዜም አይበቃም። የክርስቶስ ደም ግን አንድ ጊዜ ፈስሶ በቅቷል።

ስለ መርሻ መድኃኒቱም ላንሣ። በቁስሉ የደከመ ሰው እንዲህ ያለ ጽዋ ቢያገኝ ይጠጣው ይሆናል። ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራውን ስላስረሳው ነበር (ዘፍ. 41፥51)። ሆኖም ወንድሞቹ በፊቱ በቆሙ ጊዜ ሁሉን አስታወሰ፤ አለቀሰ፤ አቅፎ ሳማቸው። ያዳነው ይቅርታው ነው። ይቅርታ ደግሞ የተደረገብንን እያወቅን የምንሰጠው ስጦታ ነው።

ለዚያች እህት «ወንድምሽን በሌላ ዙር ታገኚዋለሽ» ልላት አልቻልኩም። «የኔ ልጅ፣ በአንቺና በእርሱ መካከል የቀረውን አንድ ጊዜ ለተሠዋው ጌታ ስጪው። ሚስቱና ልጆቹ ግን አዲስ ዘመን አሉ፤ ከእነርሱስ ጋር?» አልኳት። ከቀብሩ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም ነበር። አብረን ጸለይን። በሳምንቱ ቅዳሜ ሩዝ ቋጥራ ሄደች። በሩን የከፈተላት የወንድሟ ትንሹ ልጅ ነው። የውርሱ ነገር ገና በሽማግሌዎች እጅ ነው፤ ቡናውን ግን አብረው ይጠጣሉ።

እንግዲህ እናቶች፣ «ስልኩን እንንጠቃቸው?» ትሉኝ ይሆናል። የፎገራን ሩዝ አስቡ። የአባቶቻችን እህል አልነበረም፤ በደርግ ዘመን ከውጭ ገብቶ ዛሬ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል። ከነቅርፊቱ የሚበላው ግን የለም፤ አስቀድሞ መፈልፈያ ይገባል። ከልጃችሁ ጎን ተቀምጣችሁ አንድ ክፍል አብራችሁ እዩ። በመጨረሻም «በዚህ ታሪክ ማን ማንን ይቅር አለ? ምን አስከፈለው? ሌላ ዙር ባይኖርስ ይህ ሰው ዛሬ ምን ማድረግ ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ራሱ ቅርፊቱን ይለያል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ሐዘን የገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በጠዋት የተለያዩ ሰዎች ማታ ሳይገናኙ ቀርተዋል። ጳውሎስ ቁጣችንን ጀምበር ሳትጠልቅ እንድንጥል የመከረን (ኤፌ. 4፥26) ለእንዲህ ያለ ዘመን ጭምር ነው።

የተወደዳችሁ፣ ልትደውሉለት የሚገባ ሰው ካለ ይህን መጽሔት አስቀምጡና ደውሉለት። ያለን ይህ አንድ ሕይወት ነው፤ ጌታም በእርሱ ውስጥ ዛሬን ሰጥቶናል። ተባረኩ።