ለሚነዳው እጅ

ልጅነቴ ያለፈው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ከአጎቴ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። ፊደል በቅጡ ሳልለይ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬና ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት አውቃቸው ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከጋራዡ የተጣለውን ሽቦ ለቃቅመን መኪና እንሠራለን። ጎማው የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ መሪው እስከ ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ክብ ሆኖ የተጠመዘዘ። ሞተሩ የገዛ እግራችን ነው። በዚያ ዘመን ከነጂው ቀድሞ የሄደ መኪና አላየሁም። የዚህ ነገር ትርጉም የገባኝ ግን አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሰው አገር፣ የገዛ ልጄን ካስለቀስኩ ወዲያ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ 13 ዓመት ሲሞላው፣ በመካከላችን ያለው ቃል እየሳሳ መጥቶ ነበር። «እራት በላህ?» «በላሁ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደኅና።» ከዚያ ወዲያ ወሬው ይደርቃል። የእርሱ አማርኛ ልቡን ለመግለጽ አይበቃም፤ የእኔም እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ አንድ ማታ ከክፍሉ ወጣና ስልኩን ከፊቴ አስቀመጠ። ከክንድ የማትረዝም መኪና በአፈር ሜዳ ላይ ትከንፋለች፤ ከጉብታ ላይ ተስፈንጥራ አየር ላይ ሳለች አፍንጫዋን አስተካክላ ታርፋለች። «አባዬ፣ እኔ በዚህ መወዳደር እፈልጋለሁ» አለኝ። በዚያ ወር ውስጥ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መጫወቻ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ባጊ ይሏታል። በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የምትታዘዝ፣ በባትሪ የምትሄድ፣ የትልቅ መኪና አንድ ዐሥረኛ ሆና የምትሠራ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ታሪክም አላት። ቲም አሶሺዬትድ የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት በ1984 አርሲ10 የምትባለውን ባጊ አወጣ፤ ሻንሲዋ አልሙኒየም፣ ሾክ አብዞርበሯም በዘይት የተሞላ ነበር። በዓመቱ፣ በ1985፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ ጄይ ሃልሲ የተባለ ተወዳዳሪ በሁለት ጎማ የሚገፉት ባጊዎች በሚሽቀዳደሙበት ምድብ በእርሷ አሸነፈ። እኔ ያኔ ተክለ ሃይማኖት ቁጭ ብዬ ቆርኪ በምስማር እበሳ ነበር።

ማታ ማታ አብረን መምረጥ ጀመርን። ልጄ መጀመሪያ ያስተማረኝ፣ መኪናዋ የምትመረጠው በመልኳ ሳይሆን በምትሮጥበት ሜዳ መሆኑን ነው። አራቱም ጎማዎቿ የሚገፉት ባጊ መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች፤ ነገር ግን ዕቃዋ ይበዛል፣ ዋጋዋም ጥገናዋም ይከብዳል። የኋላ ጎማዎቿ ብቻ የሚገፉት ቀለል ትላለች፤ ነጂዋንም ትዕግሥት ታስተምራለች። የሞተሩም መቀመጫ ለውጥ ያመጣል። ልቅና አንሸራታች አፈር ላይ ሞተሩ ወደ ኋላ መጨረሻ ሲሆን ክብደቱ የኋላ ጎማዎቹን መሬት ላይ ይጫንላቸዋል፤ በተጠቀጠቀና ጎማን በሚይዝ ሸክላ አፈር ላይ ግን ሞተሩ ወደ መሀል ገባ ያለላት መኪና ስትታጠፍ ይበልጥ ትታዘዛለች። እኛ የምንሄድበት ሜዳ ከቤታችን አንድ ሰዓት የሚያስነዳ፣ ጣሪያ ያለው፣ መሬቱም የተጠቀጠቀ ሸክላ ነው። ስለዚህ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ ሞተሯ መሀል የሆነ፣ ሌላ ሰው የተወዳደረባት ባጊ ገዛን። የተረፈውን ገንዘብ ለሜዳው ለሚስማሙ ጎማዎችና ለደኅና ባትሪ መሙያ አዋልነው። ጎማ ካልያዘ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው ያለኝ እርሱ ነው።

ሞተሩ ላይ ግን ሐሳባችን ተለያየ። የእነዚህ ሞተሮች ጠባይ የሚታወቀው በውስጣቸው በተጠመጠመው ሽቦ ዙር ነው። ዙሩ ሲበዛ ሞተሩ ረጋ ይላል፤ ዙሩ ሲያንስ ይፈጥናል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል። ልጄ ባለ 17.5 ዙሩን መረጠ። ሁሉም በዚያው ዓይነት ሞተር የሚሽቀዳደሙበት ምድብ አለና፣ «እዚያ የሚለየው ነጂው ነው» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት። በልቤ ግን እሺ አላልኩም።

ለምን እንደሆነ ልናገር። በሰው አገር ስትኖር እኩል መሆን አይበቃህም፣ እጥፍ መሆን አለብህ የሚል እምነት ይዤ ነው ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት። ሁለት ሥራ የሠራሁት፣ በእረፍት ቀኔ የተማርኩት በዚህ እምነት ነው። ልጄ ያን ሜዳ ሲረግጥ ከማንም አንሶ እንዲታይ አልፈለግሁም። እናም የመጀመሪያው ውድድሩ ዋዜማ ሌሊት፣ እርሱ ሲተኛ፣ በድብቅ የገዛሁትን ባለ 6.5 ዙር ሞተር አወጣሁና በካቻቢቴ ታግዬ ቀየርኩለት። ስጦታ ነው አልኩ ለራሴ። ጠዋት ሲያይ ይደሰታል አልኩ።

ጠዋት ማንም አላየም። ያወቀው መመዝገቢያው ጠረጴዛ ዘንድ፣ እኔ በኩራት ስነግራቸው ነው። በዚያ ሞተር 17.5 ምድብ ውስጥ መግባት ስለማይቻል፣ ስሙ ዓመታት የተወዳደሩ አዋቂዎች ወዳሉበት ወደ ክፍቱ ምድብ ተዛወረ። ልጄ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። መቆጣጠሪያውን ይዞ ወደ ነጂዎቹ ሰገነት ወጣ።

ውድድሩ 5 ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። መኪናዋ ገና ሲነካት ትወረወራለች፤ ከታጠፈችበት ጅራቷን እየጣለች ትዞራለች፤ ከጉብታው ላይ ትሰቀልና በጀርባዋ ትወድቃለች። ስምንት ጊዜ ስትገለበጥ ቆጠርኩ። በመጨረሻ የሜዳውን ዳር ከሚያጥረው የፕላስቲክ ቱቦ ጋር ተላተመችና የፊት ጎማዋን የሚይዘው ክንድ ተሰበረ። አንስቼ ሞተሩን ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ለረጋው ሞተር የተመረጠችውን፣ ከሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥርስ እንዳለች ትቻት ኖሯል። ለፈጣን ሞተር ጥርሷ ማነስ ነበረባት። አጎቴ በሕይወት ቢኖር በጥፊ ይለኝ ነበር።

በዚህ ስፖርት አንድ ደንብ አለ። ተወዳድሮ የጨረሰ ሁሉ፣ ቀጥሎ ባለው ዙር ሜዳው ውስጥ ቆሞ የሌሎችን የተገለበጡ መኪናዎች ያነሳል። አሸነፍክም ተሸነፍክም፣ መኪናህ ተሰበረም አልተሰበረም፣ ትቆማለህ። ልጄ ዓይኑ ቀልቶ መታጠፊያው ላይ ቆመ። መኪና በተገለበጠ ቁጥር ሌላው እንዳይገጨው ግራና ቀኝ አይቶ ይሮጣል፤ ያነሳል፣ በጎማዋ ያቆማል፣ እጁን ሰብስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከአጥሩ ውጪ ሆኜ አየሁት። ማንም አልሳቀበትም። እንዲያውም አንድ ጎልማሳ ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እጥፍ ካልሆንክ ብለው የጠየቁት እነርሱ አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ዝም አልን። ከዚያም መስኮቱን እያየ፣ በዚያች በምታነክስ አማርኛው «አባዬ፣ ለእኔ ነው የሠራኸው ወይስ ለአንተ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አባቴ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ አጎቴም የገዛ ልጆቹን ሲጠይቅ አላየሁም። በእኛ ቤት ይቅርታ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር ነበር። መኪናዬን ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቆምኩና «ለራሴ ነው የሠራሁት፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከባድ ነበር። ልጄ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እሺ፤ ግን የፊቱን ክንድ አንተ ትገዛለህ» አለኝ።

በማግስቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከመጀመሪያው ጀመርን። 17.5ቱን ሞተር ከሚስማማው ጥርስ ጋር መለስን። መኪናዋን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርገን፣ ሆዷ ከመሬት ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለካን። ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ አንድ ዲግሪ ብቻ ዘንበል እንዲሉ አደረግን፤ ይህች ታህል ዘንበል ማለት መታጠፊያ ላይ ጎማው መሬቱን በደንብ እንዲረግጥ ትረዳዋለች። ሾኮቹን ፈትተን ዘይታቸውን ቀየርን። ዘይቱ ሲወፍር ሾኩ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ሲቀጥን ይፈጥናል። ጅራቷን እንዳትጥል የኋላውን ሞላ በለስላሳው ለወጥነው። «ስፕሪንግ» ሲል «ሞላ» አልኩት። «ሞላ» ብሎ ደገመና ሳቀ። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ የለቃቀምኳቸው ቃላት አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ወረዱ፤ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። ለእነዚህ ቃላት ወራሽ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለት ሕግ አወጣልኝ። አንደኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሞላውንም፣ ዘይቱንም፣ ጎማውንም አንድ ላይ ብትቀይር፣ መኪናዋ ብትሻሻልም ብትበላሽም ምክንያቱን አታውቀውም። እያንዳንዱን ለውጥ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በእኔ ፊደል። ሁለተኛው የባትሪው ሕግ ነው። ባትሪው ሁለት ሴል አለው፤ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል። ውድድር ከሌለ ግን ሞልቶ አይቀመጥም፤ ለእያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ያህል ይተውለታል፤ ሞልቶ የሚከርም ባትሪ ይጎዳልና። ሲሞላም እሳት በሚከላከል ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ነው። እናም ባትሪው እስኪሞላ ሁለታችንም አጠገቡ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለሚፈራው ነገር፣ ስለ አንዲት ልጅም ሳይቀር አጫወተኝ። እኔ አልጠየቅሁትም።

በመጋቢት 2023 ተመልሰን ሄድን። በራሱ ምድብ ገባ። ከእርሱ በፊት የተወዳደረ አንድ ሰው መኪናው ተበላሽቶበት ሊጠግን ስለተጣደፈ፣ በእርሱ ፈንታ ሜዳው ውስጥ እንድቆም ለመነኝ። ቆምኩ። ልጄ ሰገነቱ ላይ፣ እኔ መታጠፊያው ላይ። መኪናዋ በአጠገቤ ስታልፍ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ከሌሎቹ አትፈጥንም፣ ግን ታዛዥ ናት። በሦስተኛው ደቂቃ ከሌላ መኪና ጋር ተነካካችና ከፊት ለፊቴ ተገለበጠች።

ግራና ቀኝ አይቼ ሮጥኩ። አነሳኋት፤ በጎማዋ አቆምኳት። እጄ ወደፊት ሊገፋት ፈልጎ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ሰበሰብኩት። መኪናዋ በልጄ እጅ ተነስታ ሄደች።

ከአሥር አምስተኛ ወጣ። ቤት ስንደርስ ደብተሩን ከፈተና ከታች አንዲት ቃል በላቲን ፊደል ጻፈ፤ «ሞላ»። ከጎኗም «አትቀይር» የሚል ምልክት አደረገ።