ወንድማችን ፍልስፍና ሊማር ሄደ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ስፖርት ውድድር ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው የቤታችንን ጉዳይ ስለሆነ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን። እኛ ስንል በደብረ ታቦር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ አንዳችን እጩ መምህር፣ አንዳችን ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ።

የክፍሏን ኪራይ ሲከፍልልን የኖረው ታላቅ ወንድማችን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሥነ ዜጋ መምህር ሆኖ ሲሠራ ከደመወዙ ለእኛ ኪራይ፣ ለእናታችን ዘይትና ጨው፣ ለአባታችን ደግሞ የማዳበሪያ ይወጣ ነበር። ዘንድሮ የወላጆቻችንን ቤት ቆርቆሮ እናለብሳለን ተብሎ ባሕር ዛፉ ሳይቀር ተቆርጦ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። ታዲያ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል ብሎ መጣ። ደስ አለን። በምን ትምህርት? አልነው። በፍልስፍና አለ። ደስታችን እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ኪራዩ ነው። በትምህርቱ ዘመን ደመወዙ ይቀጥል አይቀጥል ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ሕግ ወይም ሒሳብ አያያዝ ቢሆን እኮ ነገ ይከፍላል ብለን ዛሬን በቻልነው ነበር። ፍልስፍና ግን በሰፈራችን ሰው ሲከራከር “አትፈላሰፍብኝ” የሚባልበት ነው እንጂ ማን ሲቀጠርበት አየ?

እሑድ ሦስታችንም ጉና ሥር ወዳለው ቤታችን ወጣን። አባታችን ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ “ለመሆኑ ይኸ ፍልስፍና የምትለው ምን ያበላል?” አሉ። ወንድማችን ሳይቆጣ፣ “አባዬ፣ አንቱስ ቤተልሔም የሄዱት ምን ሊያበላዎ ኖሯል?” አላቸው።

እናታችን ደነገጠች። እኛም ደነገጥን። አባታችን በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ፣ ጋይንት ድረስ ሄደው ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እንደሆነ የቆሎ ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አባታችን ግን ሳያስመሰክሩ ቀሩ፤ አባታቸው ሞቱ፣ በሬዎቹ ያለ ሰው ቀሩ፣ እሳቸውም ተመለሱ። ስለዚህ ነገር በቤታችን አይነሣም።

ወንድማችን የተነሣውን ነገር አላስተኛውም። ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ይተርክ ጀመር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አቅራቢያ ተወለደ ይባላል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በሃይማኖቱ ጠብ ጊዜ፣ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። ኋላም እንፍራንዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየገለበጠ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። ሐተታውን በ1667 የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው። እንፍራንዝ ማለት ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ስንሄድ አውቶቡሱ ቆሞ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ ናት። ስንት ጊዜ አልፈንባታል፣ ከሻይዋ በቀር የምናውቀው አልነበረንም።

“ታዲያ ጽሑፉ የሱ አይደለም የሚሉም አሉ” አለ ወንድማችን። የብራና ቅጂዎቹን ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ካፑቺን መነኩሴ ነበርና፣ በ1920 ሌላው ኢጣሊያዊ ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ “መነኩሴው ራሱ የፈጠረው ነው” ብሎ ጻፈ። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዩኒቨርሲቲው ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረው፣ ከ1974 እስከ 1982 የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ አሳተሙ። የሐተታውን አጻጻፍ ከመነኩሴው ደብዳቤዎች ጋር አስተያይተው፣ ደራሲው መነኩሴው አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

“መነኩሴውስ የት ነበር የሚኖር?” አሉ አባታችን።

“ጋይንት። ቤተልሔም።”

አባታችን የያዙትን ጠላ አስቀመጡ። “እዚያ ሁሉ ዘመን ስቀመጥ አንድ ሰው አልነገረኝም!” አሉ፤ በማን እንደተቆጡ ግን አልታወቀንም። ትንሽ ቆይተው፣ “ፈረንጅ ጽፎት እንደሆነ ግዕዙ ያጋልጠዋል። አምጣውና እኔ ልየው” አሉ። ፈቀድሁም አልፈቀድሁም አላሉም። እናታችን ግን ማግሥቱን በሶ ስትወቅጥ ዋለች።

ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ ሸኘነው። የእኛን ጋቢ ለብሶ ሄደ፤ የደብረ ታቦርን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይፈርድልናል።

ስድስት ኪሎ ከገባ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውሏል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ፣ ከምታውቁት ነገር አንዱን ምረጡና እንዴት እንዳወቃችሁት ጻፉ ብሎ አንድ ገጽ አዘዛቸው። “ሰባት ዓመት ያስተማርሁትን ይዤ ተቀመጥሁ፣ ግማሽ ገጽ አልሞላልኝም” አለን። ሲስቅ ሰማነው፣ ግን ሳቁ ደስ አላለንም። “ልጆቹን መልስ አስያዝኋቸው እንጂ ማን ጠይቁ አላቸው?”

ይህን በነገረን ሳምንት በማስተማር ልምምድ ላይ ነበርን። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ “ቲቸር፣ ለዜሮ ለምንድነው የማይካፈለው?” ብሎ ጠየቀ። ሰዓቱ እያለቀ ነበር። ገምጋሚው መምህርም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። “ዝም ብለህ ጻፍ” አልነው። ልጁም ጻፈ። በግምገማው የሰዓት አጠቃቀማችን ተመሰገነ።

ኪራዩን በተመለከተ፣ ለአከራያችን ልጆች ማታ ማታ ሒሳብ እያስጠናን ግማሹን አስቀንሰናል፤ ግማሹን ከኪስ ገንዘባችን እንከፍላለን። ባሕር ዛፉ እንደተከመረ ነው፣ ቆርቆሮውም አልተገዛም። በወንድማችን አልተቀየምንም ብንል ውሸት ይሆናል።

ባለፈው ወር የሐተታውን ግዕዝ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ በአውቶቡስ ሰው ላከልን፤ ለአባታችን አደረስን። መነጽራቸውን በክር አስረው ከእሳቱ ዳር ያነቡታል። ስለ ጾምና ስለ ምንኩስና የሚናገረው ላይ ሲደርሱ፣ “ይኸስ ደፋር ነው!” ብለው ወርውረውት ነበር አለችን እናታችን። ማታውን ግን ወረቀቱን ከመደቡ ላይ አንሥተው መብራት አምጪ አሏት። ቅዳሜ ስንሄድ፣ ታዲያ ግዕዙ የማን ነው? ብለን ጠየቅናቸው።

“ገና ነኝ፣ አትቸኩሉ” አሉን።