ኮንሰርት በአየር ባየር

ካርቱም ላይ ለበዓል ከአዲስ አበባ ዘፋኝ ይመጣል በተባለ ቁጥር ዴም ሰፈር ሁለት ወሬ አብሮ ይነሳል። አንዱ «ትኬቱ ተወደደ» ነው። ሁለተኛው «ትኬቱ አልቋል፣ እገሌ ጋ ግን አይጠፋም» ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽም እንዲሁ ሆነ። እሁድ በ10 ሺህ ፓውንድ መሸጥ የጀመረው ትኬት ሰኞ ከምግብ ቤቶቹ ጠፋ፤ በሳምንቱ ከሰው እጅ በ25 ሺህ ተገኘ። ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ ከፊሉ አዘጋጁን፣ ከፊሉ መልሶ ሻጩን ሲረግም ሰነበተ። አንድ ልጅ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ እናንተስ ከመተማ አምጥታችሁ አትርፋችሁ አይደል የምትሸጡት?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በነጋዴ ሂሳብ ልመልሰው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። ዘፋኝና ባንድ የሚዋዋሉት ብዙ ጊዜ በዶላር ነው፤ ትኬቱ ግን በፓውንድ ይሸጣል። መንግሥት በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የዶላርን ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ያወጣው ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያ ስለደረሰ መሆኑን እኛ በሸቀጣችን አይተነዋል። የአዳራሹ፣ የድምፅ መሣሪያውና የጄኔሬተሩ ወጪ ሲታከልበት 10 ሺህ ዝርፊያ አይደለም። ፈላጊውም እኛ ብቻ አይደለንም። እኛ መሐመድ ወርዲን እንደምንወድ፣ ሱዳኖቹም የጥላሁንንና የማሕሙድን ዘፈን ይወዳሉ፤ አዳራሹ ውስጥ አብረውን ይጨፍራሉ።

ቀጥሎ መልሶ ሻጩ። እኔ ቡናና በርበሬ ሳመጣ በመተማና በገላባት ኬላ አልፋለሁ፤ የጭነት፣ የጫኝና የቀረጥ እከፍላለሁ፤ በክረምት ዝናብ ጆንያዬ ይበሰብሳል። ትርፌ ዕቃውን ከሌለበት ቦታ ያደረስኩበት ነው። አርባ ትኬት ከአንድ ምግብ ቤት ጠቅልሎ ገዝቶ እዚያው መንገድ ላይ የሚሸጥ ሰው ግን ምን አደረሰ? ዕቃው ከቦታው አልተነቃነቀም። አማርኛችን ለዚህ ስም አለው፤ አየር ባየር ይለዋል። እውነት ነው፣ እሱም ኪሳራ ይፈራል። ዘፋኙ መድረክ ከወጣ በኋላ የተረፈው ትኬት ከበሰበሰ ቲማቲም አይሻልም። ይሁንና ቁማርተኛም ኪሳራ ይፈራል፤ ያ ብቻውን ነጋዴ አያደርግም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከፋዩ ማን እንደሆነ ሳስብ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ የሚወጡት አርብ ብቻ ነው። ትኬት እሁድ ተጀምሮ ሰኞ ካለቀ፣ አርብ ሲወጡ የሚያገኙት የ25 ሺሁን ነው። ቀድሞ የመጣ ያግኝ የሚባለው ሕግ ከቤት መውጣት ለሚችል ብቻ የወጣ ሕግ ነው። የምታውቀኝ አንዲት ልጅ፣ አገሯን ካየች ሦስት ዓመት ያለፋት፣ ሳትከራከር ከፈለች። ከከፈለችው 15 ሺሁ ለዘፋኙም ለአዘጋጁም አልደረሰም።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የቴይለር ስዊፍት ትኬት በቲኬትማስተር በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሲስተሙ ተጨናንቆ ለሕዝብ ሊደረግ የነበረው ሽያጭ ተሰረዘ፤ በጥር 2023 የአገሪቱ ሴኔት ኩባንያውን ጠርቶ ጠየቀ። አየርላንድ ደግሞ በ2021 የትልልቅ ዝግጅቶችን ትኬት ከተጻፈበት ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥን በሕግ ከልክላለች።

እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። አዘጋጁ ስንት ትኬት እንዳሳተመ ይናገር። ለአንድ ሰው ከአራት በላይ አይሽጥ፤ ስምና ስልክ ይመዝግብ። መምጣት ያልቻለ ሰው እስከ ዋዜማው ትኬቱን መልሶ ገንዘቡን ይውሰድ፤ ያኔ ትርፍ ያለው ሰው ደላላ አይፈልግም።

የቀረው የኛ የባለሱቆች ድርሻ ነው፤ ትኬቱ የሚያልፈው በእጃችን ነውና። ለፋሲካ ሱቄ ትኬት ማስቀመጥ የሚፈልግ አዘጋጅ ካለ ደስ ይለኛል፤ ግን ግማሹ እስከ አርብ አይነካም። ጠቅልዬ ልግዛ ለሚለኝም ቡና አለኝ፣ በጆንያ።