የዕለት ማስታወሻ ለእናቶች

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህ አባባል ለደራሲዎችና ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የተነገረ የሚመስላቸው እህቶች ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን የዕለት ማስታወሻ መያዝ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ጥቅሙንም ያየሁት በገዛ ቤቴ ነው።

ማስታወሻዬ የተራቀቀ ጽሑፍ አይደለም። የጤፍ ዋጋ፣ የልጆች ክትባት፣ የዕቁብ ተራ፣ የመሥሪያ ቤት ውሎ፣ አንዳንዴም ያስከፋኝ ነገር በሦስት በአራት መስመር ይሰፍርበታል። ባለፈው ክረምት ታናሹ ልጄ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሐኪሙ «ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው?» ሲሉ ጠየቁን። ባለቤቴ «አንድ ሳምንት ቢሆነው ነው» አለ። ደብተሩ ሲገለጥ 17 ቀን ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያስፈልገው በመሆኑ ልጁ ወዲያው ተመረመረ። በሽታው እንደሌለበት ሲነገረን እፎይ አልን።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጻፍ ብትችልም ስድስት ልጆች ስታሳድግ የደከመችውን ድካም የሚመሰክር አንድ ገጽ የላትም። ስንጠይቃት «ምኑ ይታወሳል፤ አለፈ» ትላለች። የእናት የቤት ውስጥ ሥራ ደመወዝ የለውም፤ መዝገብም የለውም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀኑን ከላይ ጽፋችሁ የዋላችሁበትን አስፍሩ። የደከምንበትን ዕለት እኛው ካልመዘገብነው ማን ይመዘግብልናል?