ጆንያው የት ያድራል?

ይድረስ ለልጄ ለማኅሌት፣

እናትሽ ከጓደኞችሽ ጋር በካያክ ጣናን እየዞራችሁ ከዳርቻው ቆሻሻ ልትለቅሙ መሆኑን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። «ጉማሬ አለ» ትላለች። እውነቷን ነው።

እሱን ልጨርስና ወደ ዋናው ልሂድ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አትጠጉ። ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ነው የሚሮጠው፤ መንገዱ ላይ ያገኘውን ጀልባ ይገለብጣል። በማለዳ ውጡና ነፋሱ ሳይነሳ ተመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ሌላ ውሃ ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅሽ፦ የሞላው ጆንያ የት ያድራል? ሃይላንዱን ለቅማችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ (ተነሱ፣ አልከለክልም)፣ ጆንያውን ዳር ላይ ደርድራችሁ ብትሄዱ፣ ሐይቁ በክረምት ሞልቶ ያንኑ ይወስደዋል። ስለዚህ መቅዘፊያ ከመጨበጣችሁ በፊት የሚረከባችሁን ሰው አግኙ። ሃይላንድ ቁራሌዎች ይገዛሉ፤ ጭቃውን አራግፋችሁ ለብቻው ያዙላቸው። ፌስታል ግን ማንም አይገዛም። ቀጭኑ እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ሂጂና ደንገሉ ላይ የተንጠለጠለውን እይ። ለእሱ የከተማው ቆሻሻ መኪና የሚመጣበትን ቀን ጠይቁ። መኪና ካልተገኘ የዚያን ቀን ሃይላንድ ብቻ ልቀሙ።

ወሩን ግንቦት አድርጉት። ውሃው ጎድሎ ዳርቻው የሚገለጠው ያኔ ነው። ጭቃው ውስጥ በባዶ እግር አትውረዱ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጆንያም እስከ አፉ አትሙሉ። ከፍ ብሎ የተጫነ ካያክ አንድ ማዕበል ይበቃዋል።

ደንገሉ ውስጥ የናይለን መረብ ታገኛላችሁ። የተጣለ መስሏችሁ እንዳትቆርጡት፤ ባለቤቱ ማታ ጥሎት ጠዋት ሊያነሳው ያሰበው ሊሆን ይችላል። በታንኳ የሚያልፉትን ዓሣ አጥማጅ መጀመሪያ «እንዴት አደሩ አባቴ» በይ፣ ከዚያ ጠይቂ። እሳቸው የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እናንተ ከተማ ያደጋችሁት አታውቁም። ባለቤት የለውም ካሉ ግን ቢያደክማችሁም አውጡት፤ የተተወ መረብ ዓሣም ወፍም መያዙን አያቆምም።

ካያኮቹን ኋላ ወደ ቢሾፍቱ እንወስዳለን ብለሻል። ከውሃ ስታወጧቸው ሆዳቸውን ፈትሹ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የእንቦጭ ቁራጭ ተጣብቆ ከሄደ እዚያም ይበቅላል። ያኔ የጽዳት ዘመቻችሁን ማን እንደሚያጸዳው እንጃ።

አንድ የማትወጂውን ነገር ልጨምር። ከተማው ዳር የምትለቅሙት ብዙው፣ ዝናብ ሲጥል ከባሕር ዳር መንገዶች በቦይ የወረደ ነው። ክረምት ሳይገባ የሰፈራችሁን ቦይ በአካፋ ብትጠርጉ፣ ካያክ የለው፣ ፎቶው አያምር፣ ጓደኞችሽም ግማሾቹ አይመጡ ይሆናል። ለሐይቁ ግን ከቀዘፋው ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜ ቅዘፉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አካፋ ያዙ።

ስለ ላይፍ ጃኬት፦ ዋና እችላለሁ ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። የሁላችሁንም ልክ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚህ ገዝቼ በአውቶቡስ እልካለሁ።

አባትሽ