«መጋላ ኔትወርክ የለም» ያልኩ ቀን

አንደኛ ዓመት ስንገባ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የተጀመረው «ሳታጣሩ አትጻፉ» በሚል ነበር። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው፤ እኔማ በቀይ አስምሬበታለሁ። ሁለተኛ ዓመት ደርሼ ግን በአንዲት አጭር የስልክ መልእክት ይህንኑ ሕግ አፈረስኩት። ታሪኩ ያስቃል፤ የሚሳቀው በኔ ስለሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ15 ደቂቃ የድምፅ ቃለ ምልልስ ሠርተን ዓርብ እስከ 11 ሰዓት በኢሜይል እንድንልክ ታዘዝን። እኔ የመረጥኳቸው መጋላ ተከራይቼ ከምኖርበት ግቢ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የጉልበት ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት እዚሁ ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ሥራ ነው። አባባ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ አይደለች? ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋም በዙሪያው አደገች። አባባ ያንን ዘመን በአባታቸው ወሬ፣ የራሳቸውን ዘመን ደግሞ በእጃቸው ጠባሳ ነው የሚያስረዱት። ሲናደዱ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ።

1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቀረጽኳቸው። መሐል ላይ ስለሞቱ የሥራ ጓደኞቻቸው ሲያነሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ስንጨርስ «የኔ ልጅ፣ ይኼን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። አንዴ ነው የማወራው» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ። ቅጂውን ላፕቶፔ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስልኬ ስለሞላብኝም ከስልኩ አጠፋሁት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ረቡዕ ማታ ላፕቶፑ አፕዴት ላድርግ አለ። «አድርግ» ብዬው ተኛሁ። ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው የዋይፋይ ምልክቷ የለችም። ደካማ ናት ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ ከቦታዋ ጠፍታለች። የዋይፋይ ማብሪያውም እንዲሁ። ግቢያችን ውስጥ የአከራዬን ዋይፋይ ነው የምንጠቀመው። እኔም ሳልውል ሳላድር ለመምህሬ በቴሌግራም «መምህር፣ መጋላ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ሥራውን ለመላክ ልቸገር ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ደቂቃ አልፈጀም። «ታዲያ ይህ መልእክት በምን መጣ?»

ስልኬን አየሁት። ከላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሞልቶ ተቀምጧል። በዚያው በአከራዬ ዋይፋይ ነው የላክሁት! ምን ልበላችሁ፣ የድሬ ፀሐይ ገና ሳይወጣ ላብ አሰመጠኝ። አንድ ሙሉ ሰፈር ኔትወርክ የለውም ብዬ የዘገብኩት የራሴን አንድ ማሽን አይቼ ነው። መምህሬ አንድ መስመር ጨመሩ፤ «ምክንያቱን አጣሪና ንገሪኝ።»

ማጣራቱን ግን በቀላሉ አልጀመርኩትም። ላፕቶፑን አቅፌ ከቀፊራ ገበያ አቅራቢያ ወዳለ አንድ የጥገና ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ከፍቶ አየው፣ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና «እህቴ፣ ወይ ካርዱ ተቃጥሏል ወይ ሲስተሙ ተበላሽቷል። ፎርማት እናድርገው፤ ለማታ ትወስጂዋለሽ» አለኝ። እንደምታውቁት እኛ አገር ለላፕቶፕ ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነው። ቀርፎም ፎርማት፣ ድምፁ ጠፍቶም ፎርማት።

«ፋይሌስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

«እንግዲያውስ አድርገው» አልኩ። ፎቶዎቼም ደብተሮቼም ዲ ላይ ናቸው። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ሊጀምር ሲል ነው ድንገት አፌ ላይ የመጣልኝ፤ «ዴስክቶፕ ላይ ያለውስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አቦ! ዴስክቶፕ እኮ ሲ ውስጥ ነው። እሱማ ይጠፋል።»

እግሬ ከዳኝ። የአባባ ድምፅ ያለው እዚያች ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። አንዴ ነው የማወራው ያሉኝ ሰውዬ ዘንድ ተመልሼ «ጠፋብኝ» ልላቸው ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሥራውን ነው የሠራው፤ የጠየቅኩትንም በትክክል መልሶልኛል። ጥያቄውን አጉድዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ይቅርብኝ» ብዬ ላፕቶፔን ነጥቄው ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ቤት እንደደረስኩ ሌላውን ሁሉ ትቼ ቅጂውን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በትክክል መገልበጡን ለማየት ከመሐል አንድ ቦታ ከፍቼ አዳመጥኩ። አባባ እንዲህ ይላሉ፤

«ባቡር ቆመ ሲሉን ሮጦ ብሎን መፍታት የለም። መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ ትናንት ደህና ገብቷል ወይ? ከዚያ ወዲህ ማን ነካው? ምኑን ነካው? ያልተነካውን ከፈታሽ፣ ሁለተኛ ብልሽት አመጣሽ ማለት ነው።»

ይህን ስቀርጽ ፊታቸው ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። ለካ አልሰማሁትም።

ትናንት ደህና ነበር? ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ነካው? አፕዴቱ። አልወደቀም፣ ውኃ አልፈሰሰበትም። ታዲያ ካርዱ ለምን ይቃጠላል?

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ስለሚሠራ የአከራዬ መሣሪያ ነፃ ወጣ። የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ቁልፍ ሞከርኩ፤ በስህተት ተነክታ ከሆነ ዋይፋይ ትዘጋለችና። አይደለችም። ላፕቶፑን ሙሉ ለሙሉ አጥፍቼ አበራሁት። ምንም የለም። ቀጥዬ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚባለውን ከፈትኩ፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ ነው። ከኔትወርኮቹ ዝርዝር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ስም አለ፤ ጎኑ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ቃለ አጋኖ። ደስ አለኝ! የሞተ ካርድ ብዙውን ጊዜ ስሙም አይታይም። ይሄ ግን ታይቷል፤ ሥራ መጀመር ነው ያቃተው።

ያጣው ነገር ድራይቨር ነው። ድራይቨር በሲስተሙና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሲስተሙ ሲታደስ አስተርጓሚው የድሮ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ወይም አፕዴቱ ለካርዱ የማይስማማ ሌላ አስተርጓሚ ይተካበታል። ነገሩ የገባኝ በባቡር ነው። አባባ ሲጠግኑት የኖሩት ባቡር የሚሄድበት ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። የድሮውን ባቡር አምጥታችሁ አዲሱ ሀዲድ ላይ ብታቆሙት አይሄድም። ባቡሩም አልተበላሸ፣ ሀዲዱም አልተበላሸ፤ አይገጣጠሙም ነው እንጂ።

እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልስ «ሮል ባክ» የሚባል ቁልፍ አለ። የኔው ግን ደብዝዞ አልጫን አለ። ስለዚህ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ማውረድ ነበረብኝ። ኢንተርኔት እንዲመጣ ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ድራይቨሩ እንዲመጣ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

መውጫው የስልኬ ቻርጀር ገመድ ሆነ። ስልኩን በገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ሳበራው ላፕቶፑ በስልኬ በኩል ኢንተርኔት አገኘ፤ በዚህ መንገድ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ አያስፈልግም። ላፕቶፑን ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ወሰድኩና ድራይቨሩን አወረድኩ። የቅርብ ጊዜውን ጫንኩት፤ አልሠራም። «አዲስ ሁሉ ጥሩ» የሚለው ሐሳብ እዚህም አሳስቶኛል። ተመልሼ ከሱ በፊት የነበረውን ጫንኩ። ሪስታርት አደረግኩ።

የአከራዬ ዋይፋይ ስም ብቅ ሲል ከአልጋዬ ላይ ዘለልኩ። ጎረቤት «ምን ሆንሽ?» ብላ መጣች። «ኔትወርክ መጣ!» አልኳት። «ሄዶ ነበር እንዴ?» ብላኝ ተመለሰች።

ሥራውን ዓርብ ከሰዓት ላክሁ፤ 15ቱ ደቂቃ ውስጥ አባባ «ማን ነካው?» የሚሉበት ቦታ አለ። በማግስቱ ፍላሹን ይዤ ሄጄ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ይኼ እኔ ነኝ?» ብለው ሳቁ። ሊጠፋ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ያን ቀን አልነገርኳቸውም፤ ድፍረቱን ሳገኝ እነግራቸዋለሁ።

ለመምህሬም ጻፍኩላቸው፤ «መምህር፣ መጋላ ኔትወርክ አልጠፋም ነበር። የጠፋው እኔ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ድራይቨር ነው። ሳላጣራ ስለጻፍኩ ይቅርታ።» «ማረሚያው ደርሶናል» ብለው መለሱልኝ፤ ቀጥለውም ለመጽሔታችን እንድጽፈው አዘዙኝ።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩት። እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ ያላችሁን ቅጂ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ውስጥ ነው።